የመዶሻህን እጀታ ለካልኝ

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው። የግፊት መድኃኒትህን ይህን ደብዳቤ የምታመጣው ልጅ ትሰጥሃለች። ለጎረቤት እንዳታካፍል!

ባለፈው በስልክ «አሁንም በባቡር ትጫወቻለሽ?» ብለህ ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ነገሩ ግን ከነከነኝ። ጨዋታ ነው ካልክ፣ ቅዳሜ ማታ ጉልበቴን ይዤ ከጠረጴዛው ሥር ስወጣ ብታየኝ ጥሩ ነበር።

በአንድ ምድር ቤት ውስጥ እውነተኛውን ባቡር አሳንሰን የምንሠራበት ማህበራችን ልክ እንደ ሰፈራችን ዕድር ነው። ሊቀመንበር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። መዋጮ አለ፣ ቃለ ጉባኤ ይነበባል። የጎደለው ድንኳንና ብረት ድስት ነው። አባላቱ አብዛኞቹ ጀርመናውያን ጡረተኞች ናቸው። ስገባ በዕድሜ ትንሿም፣ ሴቷም፣ ጥቁሯም እኔው ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ቡና ልትቀዳልን መጣች ያሉ ይመስለኛል። አንድ ቀን አንዱ ሽማግሌ አባቴ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀኝ። «ድሬዳዋ፣ ባቡር» አልኩት። የያዘውን አስቀምጦ ወንበር ሳበልኝ። የድሮው ሐዲዳችን ስፋቱ 1 ሜትር እንደነበር ያውቃል! ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትሩን ወረቀት ላይ በ87 አካፈለና «በእኛ ልክ 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ምድር ቤቱ አይበቃንም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቡና በተራ ነው።

87 ያልኩህ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ስለሚያንስ ነው። አንተ 1 ሜትር ከ74 አይደለህ? እዚህ 2 ሴንቲ ሜትር ነህ ማለት ነው።

የምንሠራው እዚሁ ጀርመን ያለውን፣ የጥቁር ደን ባቡር የሚሉትን የተራራ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ያለቀ ነው፣ ከእናንተው ይቀድማል። መሐንዲሱ ሮበርት ጌርቪግ ተራራውን ፊት ለፊት አልገጠመውም፤ እየዞረ ወጣው። ከሆርንበርግ እስከ ሳንክት ጌኦርገን አሞራ ቢበር 11 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ ግን 26 ይሄዳል። ትሪበርግ የምትባለው ከተማ አካባቢ ሐዲዱ ታጥፎ ወደመጣበት ይመለሳል፣ እንደገና ይታጠፋል። መስኮት አጠገብ ከተቀመጥክ ቅድም ያለፍክበትን ሐዲድ ከታችህ ታየዋለህ። ይህ ሁሉ ዳገቱ ከመቶ 2 እንዳያልፍ ነው። በእኛ ጠረጴዛ ላይ በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፤ እኛም ያንን እንጠብቃለን።

26 ኪሎ ሜትሩ ለእኛ 300 ሜትር ገደማ ይሆናል። የምድር ቤታችን ርዝመት 14 ሜትር ነው። ስለዚህ መቁረጥ ግድ ነው። የቱ ይቆረጥ በሚለው አራት ስብሰባ ፈጀን። በአንድ ዋሻ ምክንያት እስከ ዛሬ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች አሉ።

ጠጠሩን ግን ልንገርህ። ከሐዲዱ ሥር የሚነሰነሰው ጠጠር የስኳር ቅንጣት ያህላል። በማንኪያ ትነሰንሰዋለህ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ከብረቱ ላይ ትጠርገዋለህ። ሐዲዱ መንገድ በሚቀይርበት ቦታ አንዲት ቅንጣት ከተሸጎጠች አለቀ፤ ብረቱ አይገጥምም፣ ፉርጎው ይወድቃል። ቀጥሎ ውሃ ትረጭበትና በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በመርፌ ታንጠባጥብበታለህ። ኮላው ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይገባል። ያለ ሳሙናው ጠብታው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ጠጠሩን ይዞት ይሄዳል፤ ሳሙና ሲገባበት ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በአንድ ቅዳሜ 1 ሜትር ከጨረስኩ ጎበዝ ነኝ።

ያሳፈረኝንም ልንገርህ፤ ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ትስቅብኛለች። በታኅሣሥ ለጎብኚ በር ከፍተን ነበር። ባቡሩ ዞሮ በመጣበት የሚመለስበት ቀለበት አለን። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በሁለቱ ሐዲዶች ነው። ቀለበቱን ዞሮ ሲመለስ የቀኙ ሐዲድ ከግራው ጋር ይገጥማል። እንዳይነካካ ቀለበቱ ከሌላው ሐዲድ የሚለየው በአራት የፕላስቲክ ማያያዣ ነው። ከበሩ መከፈት በፊት በነበረው ማታ አንዷ ተሰብራ አገኘኋት። ቸኩዬ ነበር፣ እጄ ላይ የመጣችውን አስገባሁ። ለካ የብረት ናት። ሳልሞክረው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ክፍሉ ሙሉ ሰው ነው። ሎኮሞቲቩ ከቀለበቱ ሊወጣ ሲል ኮንታክት ተፈጠረና ባቡሩ ሁሉ በአንዴ ቀጥ አለ። አንዲት ሕፃን «ደክሟቸው ነው?» ብላ አባቷን ጠየቀች። ጡረተኛው ኤሌክትሪሻን ከሥር ገብቶ ሽቦ በሽቦ ሲፈትሽ፣ እኔ ከላይ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። «ትናንት ማታ ማነው የነካው?» አለ ከጠረጴዛው ሥር። እኔ ነኝ አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። የጥገናው ደብተር ላይ ስሜን፣ ቀኑንና ያደረግኩትን እንድጽፍ ብቻ አደረጉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማታ በሩ ከመቆለፉ በፊት አንድ ፉርጎ በጣቴ እየገፋሁ በየመጋጠሚያው አሳልፋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ። ያልገጠመ ብረት ካለ ጣቴ ላይ «ጠቅ» ይላል፣ ከዓይን በፊት ጆሮ ይሰማዋል። መጀመሪያ ቀን ሳደርገው አንተ ትዝ አልከኝ። ምሳህን ይዤ ስመጣ ፉርጎዎቹን በሙሉ ፈትሸህ ሳትጨርስ ዞረህ አታየኝም ነበር። ጣትህን ከንፈርህ ላይ አድርገህ ዝም በይ ትለኛለህ፣ ከዚያ የፉርጎውን የብረት ጎማ በመዶሻ ትመታለህ። ጤነኛው እንደ ደወል ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው እንደ ነቃ ገንቦ «ደፍ» ይላል። እኔ ወጡ ቀዘቀዘ እያልኩ እበሳጫለሁ።

ይህን ለማህበሩ ስነግራቸው ሳቁ፤ በደስታ ነው። እዚህም ያው ሥራ ነበር፣ ዋገንማይስተር ይሉታል፣ እንዳንተው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይይዛል። ትሪበርግ ጣቢያችን ላይ እንዲህ ያለ አንድ ትንሽ የሰው ምስል ይቁም ተባለና እንድሠራው ለእኔ ተሰጠኝ። ፊቱን እንደ ራሴ ቆዳ ጥቁር እቀባዋለሁ ብዬ አስፈቅጃለሁ። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል!

ስለዚህ ሁለት ነገር ላስቸግርህ። መዶሻው አሁንም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ካለ እጀታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሴንቲ ሜትር ለካልኝ። በግምት እንዳይሆን፣ ሜትሩን ከባሻገር ካለው ልብስ ሰፊ ተዋስ። በ87 የማካፍለው እኔ ነኝ። ሌላው፣ ቱታህ ሰማያዊ ነበር ወይስ ካኪ? እማዬ ሰማያዊ ትላለች። እኔ ካኪ ነው የማስታውሰው፣ ጉልበቱ ላይ በግሪስ የጠቆረ። እሷ ሳትሰማ ንገረኝ።

ልጅህ