ለተማሪዎች አንድ መቆሚያ፦ ለአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

ቅርፃ ቅርፅ የተማርኩ ሰው ነኝ። የምጽፍልዎ አንድ ነገር ለመለመን ነው። በኮሪደር ልማቱ ከተሠሩት አዲስ አደባባዮችና ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ አንዲት ቦታ ለሥነ ጥበብ ተማሪዎች ቅርፃ ቅርፅ ማቆሚያ ትሰጥልን። ለሁልጊዜ አይደለም። በየዓመቱ ለስምንት ወር።

ተማሪ እያለሁ የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት ከምናለሽ ተራ በኪሎ በገዛሁት ውዳቂ ብረት ነበር። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ናት። ጎባጣ ወገቧን ከላሜራ ቀጠቀጥኩት፤ ሸክሟን በፌሮ በየድኩት። አራት ወር ፈጀብኝ። ዓውደ ርዕዩ ሲያልቅ ማቆሚያ ጠፋ። አንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ጠናሁ። "ነገ ተመለስ"፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ስባል ክረምቱ ገባ።

በመጨረሻ ጋሪ ላይ ጭኜ ወደ መጣችበት ልመልሳት ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዲት እንጨት ተሸካሚ እናት ቆሙ። ሸክማቸውን ሳያወርዱ፣ አንገታቸውን ብቻ ቀና አድርገው ብዙ አዩዋት። "ይቺን ወገብ አውቃታለሁ" አሉኝ። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔም ሄጄ በኪሎ ሸጥኳት።

እኚያ እናት ዓውደ ርዕይ አይገቡም። ሥራው ግን የእሳቸው ነበር። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሐውልት ሲባል ከተማችን የምታውቀው ቋሚውን ነው። ምኒልክ በፈረሳቸው፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሰማዕታት። እነዚህ ይኑሩልን። ቋሚ ሥራ ግን ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ስብሰባ፣ ብዙ ክርክር ይጠይቃል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። ደግሞ ቋሚ የተባለውም ሲያስፈልግ ይነሳል፤ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡሩ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ የተመለሰው በ2008 ነው።

ጊዜያዊ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። መስከረም 16 መስቀል አደባባይ ላይ ደመራ ይቆማል። ስንት ሰው ይለፋበታል! ማምሻውን ይለኮሳል፣ በማግስቱ አመድ ነው። ከንቱ ድካም ነው የሚል ሰው የለም።

ለንደን፣ ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ለንጉሥ ሐውልት የተሠራ አንድ መቆሚያ ገንዘብ አልቆ ከ1841 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባዶውን ቀርቶ ነበር። ከ1999 ወዲህ ጊዜያዊ ሥራዎች ይፈራረቁበታል። በ2022 የማላዊው ተወላጅ ሳምሶን ካምባሉ ቅኝ ግዛትን የተቃወመውን ሰባኪ የጆን ቺሌምብዌን ምስል አቆመበት። ባዶ ድንጋይ ነበር እኮ።

ቢሮዎ ብዙ ወጪ አያወጣም። አንድ የኮንክሪት መቆሚያ፣ ብሎኖቹ አብረው የተቀበሩበት። አንዱ ሥራ ሲፈታ ሌላው እዚያው ይታሰራል። ልጆች መንጠላጠላቸው ስለማይቀር ጥንካሬውን መሐንዲስ ይይልን። ለብረትና ለብየዳ የሚሆን መጠነኛ ገንዘብ ይመደብ። በጥቅምት ተተክሎ ግንቦት ሲያልቅ ይነሳ፤ የሐምሌ ዝናብ ስስ ላሜራ ይበላል። ከተነሳ በኋላ ሥራው ለተማሪው ይመለስ።

ሠሪዎቹ አሉ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቅርፃ ቅርፅ ያስተምራል። ሥራ ሲመረጥ መምህራን ብቻ አይቀመጡ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የሚውለው ሊስትሮና ቡና የምታፈላዋ ልጅም ይጠየቁ። ተማሪዎቹን ግን ምን እንደሚሠሩ አይዘዟቸው። ይሄን አደራ እላለሁ። ተማሪ የሚያየውን ይሥራ።

ቦታው ከአሁኑ ከተመረጠ ለመጪው ጥቅምት ይደርሳል። የመጀመሪያውን መቆሚያ ከእንጦጦ በሚወርደው መንገድ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ቢያደርጉልን ደስ ይለኛል። እንጨት ተሸካሚዎቹ በዚያ ያልፋሉ።

ከአክብሮት ጋር