ሒሳቡ የሚዘጋ ጨዋታ

ደሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም የጉልበት ሕመም ቀለል ብሎላታል፤ የላከችልሽ በሶና ሽሮ ከደረሰሽ ደውለሽ እንድታሳውቂያት ብላለች።

ባለፈው ወር ስትደውዪ የቪዲዮ ጨዋታ መሥራት መጀመር እንደምትፈልጊ ነግረሽኝ፣ እኔም አስቤ መልሱን እጽፍልሻለሁ ብዬሽ ነበር። የዘገየሁት ነገሩን ንቄው አይደለም። ሠላሳ ዓመት የሰው ሒሳብ ሲመረምር የኖረ ሰው ስለማያውቀው ሥራ አስተያየት መስጠት ስለሚከብደው፣ በጎረቤታችን ልጅ እርዳታ ሥራውን ራሴ እየሞከርሁት ሰነበትሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ካንቺ በሦስት ሳምንት የቀደመ ጀማሪ የጻፈው አድርገሽ አንብቢው።

በስልክ የዘረዘርሽልኝን እቅድ በወረቀት ገልብጬዋለሁ። በፈረስ የሚዞሩባቸው አርባ ከተሞች፣ በየገበያው ተጫዋቹን የሚያነጋግሩ ሰዎች፣ ጓደኞችሽ ከያሉበት ሆነው በአንድነት የሚዘምቱበት ጦርነት፤ ሁሉም ያምራል። እኔ ግን ልማዴ ነውና ከእያንዳንዱ መስመር ትይዩ ማን እንደሚሠራውና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ለመጻፍ ሞከርሁ። አንዱን ቤት ለመሣል አንድ ቀን ቢበቃሽ እንኳ ሠላሳ ሠላሳ ቤት ያላቸው አርባ ከተሞች 1,200 ቀን ይወስዳሉ፤ ይህም ገና አንድ ሰው በከተማው ሳይንቀሳቀስ ነው። በኢንተርኔት አብሮ መጫወት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የአንዱ ስልክ መልእክት ዘግይቶ ሲደርስ የማን ጦር ቀድሞ እንደተወረወረ መወሰን የሠለጠኑትንም ያስቸግራል።

ስታርዲው ቫሊ የተባለውን የእርሻ ጨዋታ ብቻውን የሠራውን አሜሪካዊ፣ ኤሪክ ባሮንን፣ በምሳሌነት ጠቅሰሽልኝ ነበር። እውነት ነው፤ ኮዱንም ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ራሱ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቶታል። ነገር ግን በኮምፒዩተር ሳይንስ ከተመረቀ በኋላ ሥራ ለመፈለግ እጁን ሊያፍታታ የጀመረው ነገር አራት ዓመት ተኩል እንደፈጀበት፣ በዚያም ጊዜ ማታ ማታ ቴአትር ቤት ውስጥ ተመልካች እያስገባ ይሠራ እንደነበር አብረሽ አስቢው።

እቅድሽን አትጣዪው፤ በደብተርሽ ውስጥ ይቀመጥ። ለመነሻ ግን ሒሳቡን ልትዘጊው የምትችዪው ጨዋታ ያስፈልግሻል። ሒሳብ መዝጋት ምን እንደሆነ በልጅነትሽ ሰኔ ሠላሳ ሲቃረብ ቢሮዬ ተቀምጠሽ ስትጠብቂኝ አይተሻል፤ አንድም ሰነድ ሳይቀር ተመዝግቦ፣ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ለሌላ መርማሪ ሲሰጥ ነው። መነሻ ገጽ ያለው፣ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበት፣ ሲያልቅ እንደገና የሚጀመር፣ አንቺ አጠገቡ ሳትቆሚ ሌላ ሰው ከፍቶ ሊጫወተው የሚችል ትንሽ ጨዋታ በግማሽ ከቀረ ትልቅ ጨዋታ የበለጠ ያስተምርሻል፤ የሥራው አስቸጋሪ ክፍል የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነውና።

ትንሽ ስልሽ ተራ ማለቴ እንዳይመስልሽ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ የሚወርዱ ቅርጾችን የማገጣጠሙን ጨዋታ፣ ቴትሪስን፣ የሠራው ኤሌክትሮኒካ 60 በተባለ፣ ሥዕል ማሳየት በማይችል ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ የሚወርዱትን ቅርጾች በጽሑፍ ቅንፎች ነበር ያሳያቸው። ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብሎም አላን አልኮርን ፖንግ የተባለውን የጠረጴዛ ቴኒስ መሰል ጨዋታ የሠራው አለቃው ለመለማመጃ ብሎ በሰጠው ሥራ ነው።

እኔ የመረጥሁት ገበጣን ነው፤ አንቺም ከዚያ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል። የሚዘልና የሚጋጭ ነገር ስለሌለው የፊዚክስ ጣጣ የለበትም፤ ተራ በተራ ስለሚጫወቱት ኮምፒዩተሩን የሚያስቸኩለው የለም፤ ሥዕሉም ጉድጓድና ጠጠር ብቻ ነው። ባለ ሁለት ረድፉን ከወሰድሽ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48 ጠጠር ይሆናል። ለኮምፒዩተሩ ይህ ሁሉ በተራ የተሰለፉ 12 ቁጥሮች ናቸው፤ ከአንድ ጉድጓድ አንሥቶ መዝራት ማለትም ያንን ቁጥር ዜሮ አድርጎ በተከታዮቹ ላይ አንድ አንድ መጨመር ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት ግን ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከቤታችን ተነሣ። የአጨዋወቱን ደንብ በአንድ ገጽ ጽፌ ለእናትሽ ባነብላት «ይኼ ደግሞ የት አገር ገበጣ ነው?» አለችኝ። እሷ ጎንደር፣ እኔ ወሎ ነው ያደግነው። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ባልሆነ ጉድጓድ ስታርፍ ተጫዋቹ ይቀጥላል ወይስ ተራው ያልቃል፣ ባለተራው በእሱ በኩል አንድም ጠጠር ባይኖረውስ፣ በመጨረሻ የተረፈው ለማን ይሆናል እየተባባልን ሳንስማማ አመሸን። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው አጨዋወቱ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ ባለ ሦስት ረድፍም አለ፤ ስለዚህ ሁለታችንም አልተሳሳትንም። ሰው ከሰው ጋር ሲጫወት በደንቡ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ በክርክር፣ ሲብስም በኩርፊያ ይደፍነዋል። ኮምፒዩተር ግን አይከራከርም፤ ያልተጻፈለት ነገር ሲገጥመው ወይ ይቆማል፣ ወይ የማይሆን ነገር ይሠራል። ጨዋታ መንደፍ የሚሉት ሥራ አብዛኛው ክፍል «እንዲህ ቢሆንስ?» የሚለውን ጥያቄ ከተጫዋቹ ቀድሞ ጠይቆ መልሱን መወሰን መሆኑን ያን ማታ ተረዳሁ። በመጨረሻ የእናትሽን ደንብ ተቀበልሁ፤ ምክንያቱን መገመት አያቅትሽም።

የምትሠሪበትን መሣሪያ፣ ማለትም የጨዋታ መሥሪያውን ፕሮግራም፣ በተመለከተ ብዙ አልጽፍልሽም፤ ጀማሪዎች ጨዋታ ከመሥራት ይልቅ መሣሪያ በማማረጥ ወራት እንደሚያባክኑ አይቻለሁ። እኔ የተጠቀምሁት ጎዶት የሚባለውን ነው። መነሻው አርጀንቲና ሲሆን ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁሉም ክፍት ተደርጓል፤ ክፍያም ሆነ ከገቢሽ የሚነሣ ድርሻ የለውም። ከ200 ሜጋባይት በታች ስለሆነ በዳታ ጥቅል ይወርዳል፤ መመሪያውን አንዴ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት ትሠሪበታለሽ፤ አሮጌው ላፕቶፕሽም ይችለዋል። አንሪል የተባለው ግን በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ቦታ ይጠይቅሻል። ዩኒቲም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም ኩባንያው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከተወሰነ ገቢና ብዛት በላይ ጨዋታው በተጫነ ቁጥር ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታውቆ፣ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ በዓመቱ ሰርዞታል። የማንንም መሣሪያ ብትይዢ ውሉን አንብቢ። ታናሽ ወንድምሽን ደግሞ ለዕረፍት ስትመጪ ለልጆች በተሠራው መሣሪያ፣ በስክራች፣ አስጀምሪው፤ ትእዛዞቹን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ኮምፒዩተር ሲቆጥር ከዜሮ ስለሚነሣ አሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ 11 ቁጥር ነው፤ እኔ ይህን ባለማወቄ ጠጠሬን የሌለ ጉድጓድ ውስጥ ልጨምር ስል ጨዋታው ቀጥ ብሎ ቆመ። መፍትሔው በ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ነው፤ 12 ለ12 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ስለሚሆን መዝራቱ ዞሮ ወደ መነሻው ጉድጓድ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ስሕተት ራሱን የሚያጋልጥ ስለሆነ አልፈራውም።

በሁለተኛው ሳምንት ጨዋታው ሳይቆም መሄድ ጀመረ፤ የጎረቤታችን ልጅም «አለቀ፣ ጋሼ!» ብሎ አጨበጨበ። እኔ ግን በሙያዬ ልማድ ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ በጉድጓዶቹ ያሉትንና የተበሉትን ጠጠሮች ደምሮ የሚያሳይ አንድ መስመር ጨምሬ ነበር። ሃያ ሦስተኛው ተራ ላይ ድምሩ 47 አለ።

አንዲት ጠጠር ናት የጎደለችው። ስክሪኑ ላይ የተበላሸ ነገር አይታይም፤ ማንም ተጫዋች አይቆጥራትም። ነገር ግን ከሒሳቡ አንድ ብር ሲጎድል ከኪሱ ሞልቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ የሥራ ባልደረባ ስለነበረኝ የዚህን መዘዝ አውቀዋለሁ፤ አንድ ብር ጎደለ ማለት የተሳሳተው አንድ ብር ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ በአንድ በኩል ሺህ ሲበዛ በሌላው ሺህ አንድ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠጠሯን መፈለግ ያዝሁ፤ አራት ማታ ፈጀብኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ማታዎች ኮዱን ደጋግሜ በማንበብ ጊዜ አጠፋሁ፤ ዓይን የሚያነበው የተጻፈውን ሳይሆን ሊጻፍ የታሰበውን ነውና። ከዚያ ድምሩ ትክክል የነበረበትን የመጨረሻ ተራና የተዛባበትን የመጀመሪያ ተራ ለየሁ፤ እያንዳንዷ ጠጠር በተዘራች ቁጥር በአሥራ ሁለቱም ጉድጓዶች ያለው የጠጠር ብዛት እንዲጻፍልኝ አደረግሁ፤ በጎን ደግሞ የእናትሽን የእንጨት ገበጣ አውጥቼ ያንኑ ተራ በእጄ ዘራሁት። እንጨቱና ስክሪኑ የተለያዩበት ቦታ ስደርስ ጥፋቱ ሁለት መስመር ውስጥ ተሸሽጎ አገኘሁት። ሠላሳ ዓመት ስሠራው የኖርሁትን ምርመራ በሌላ ስም እንደገና እየሠራሁ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደስታዬንም ልደብቅሽ አልችልም።

እዚሁ ላይ ጊት የሚባለውን የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን ልመጂ። በሒሳብ መዝገብ የተጻፈ አይፋቅም፤ ስሕተት የሚታረመው በአዲስ ምዝገባ ነው። ጊትም እንዲሁ መዝግብ ያልሽውን ለውጥ ሁሉ ከነቀኑ ስለሚያስቀምጥ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ሲበላሽ የተበላሸበትን ቀን ታገኚዋለሽ። ቅጂውንም ከላፕቶፕሽ ውጪ ሌላ ቦታ አኑሪ፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚያደርሰውን አትረሺ።

ቀጥሎ የተማርሁት ከአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ጨዋታውን ሰጥቼው አጠገቡ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ፤ ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ። ልጁ ጉድጓዱን ሳይሆን ጠጠሯን ይነካል፤ ሲነካም ሁሉም ጠጠር በቅጽበት ቦታ ስለሚቀይር ምን እንደሆነ አልገባውም። ሒሳቡ ልክ ቢሆንም ለተጫዋቹ ያልታየ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ ጠጠሮቹ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ እንዲወድቁ አደረግሁ፤ የእናትሽን ገበጣ ድምፅ በስልኬ ቀድቼ ለእያንዳንዷ ሰጠኋት። ልጁ በማግስቱ መጥቶ አንድ ሰዓት ተጫወተ። ስታንቀሳቅሺ ግን ከእኔ ስሕተት ተማሪ፤ እኔ በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ሥዕሉ በታደሰ ቁጥር፣ ይህን ያህል ይራመድ ብዬ ስለጻፍሁ በእኔ ኮምፒዩተር በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደሰው ሥዕል በአንድ ወዳጄ ስክሪን ላይ 144 ጊዜ እየታደሰ ጠጠሮቹ እንደ ጥይት በረሩ። ፍጥነቱን ከቀደመው ፍሬም ወዲህ ባለፈው የጊዜ መጠን ማባዛት ነበረብኝ፤ መሣሪያው ያንን ጊዜ ራሱ ይሰጥሻል።

ጽሑፎቹን በአማርኛ ስታደርጊ ፊደላችንን የያዘ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል)፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ከጨዋታው ጋር አብረሽ አስገቢ፤ አለዚያ ባንቺ ስክሪን የሚነበበው በሌላው ስልክ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል።

ስለ ገንዘቡ የምለው አጭር ነው። ጨዋታሽን ኢች በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ማውጣት ትችያለሽ፤ ጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ ስቲም ለእያንዳንዱ ጨዋታ 100 ዶላር ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጨዋታሽ እንጀራ ይሆናል ብለሽ አታስቢ፤ ትምህርትሽንም አታቋርጪ። አዲስ አበባ ውስጥ ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ሩጫና ገበጣን ለስልክ የሠሩት የቅኔ ጌምስ ልጆች ስላሉ መንገዱ በአገራችን ፈጽሞ ያልተረገጠ አይደለም።

በመጪው ሳምንት ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ የላፕቶፕሽን ራም 8 ጊጋባይት የሚያደርስ ዕቃና አንድ ፍላሽ እልክልሻለሁ። ፍላሹ ላይ የጎዶት መመሪያ፣ ፎንቱና የሠራሁት ገበጣ አሉ። የገበጣው ቅጂ የተስተካከለው ሳይሆን 47 የሚለው ነው። ጠጠሯ የት እንደምትጠፋ አልነግርሽም፤ ያገኘሽው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ደውዪልኝ።

እናትሽን በጣም ናፍቀሻታል፤ ወንድምሽም ሰላም ይልሻል።

አባትሽ