ሳትነግሪኝ አንዱንም እንዳታበሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ሕፃኑስ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የአዲስ አበባ አየር ተስማምቶታል።

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ነገረኝ። ቅዳሜ አንድ ገዢ ጋራዥ ያሉትን የድሮ ኮምፒውተሮቼን ሊያይ ይመጣል፤ አንቺም ከዚያ በፊት ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አብርተሽ የሚሠራውንና የማይሠራውን ልትለዪ ነው አሉ። ቤቱ እንደጠበባችሁ ይገባኛል፤ ለልጁም ክፍል ያስፈልገዋል። ግን እናትዬ፣ አንዱንም እንዳታበሪ።

ኮሞዶር 64 በራሱ የድሮ ትራንስፎርመር አይሰካም። ያ ትራንስፎርመር ሲበላሽ ከ5 ቮልት በላይ ይለቅና ቺፖቹን ያቃጥላል። ማኪንቶሽ ኤስኢ 30 ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ከፈነዳች ማዘርቦርዱን፣ ቺፖቹ የተበየዱበትን ዋና ሰሌዳ፣ ትበላዋለች። ከሁሉም የሚያሰጋኝ ግን ሁለተኛው 386 የሚባለው ኮምፒውተር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ፣ ኪቦርዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ የተበየደች ሰማያዊ ባትሪ አለች። ከሥሯ አረንጓዴ ነገር መውጣት ጀምሯል፤ የመዳብ መስመሮቹን እየተከተለ ይሄዳል። ወንድምሽ በፒንሳ ቆርጦ ያውጣት፤ ቦታውን በነጭ ኮምጣጤ በጥርስ ብሩሽ ይፈግፍገው፣ ቀጥሎ በአልኮል ያድርቀው። የሞኒተሮቹን ጀርባ ግን ማንም አይክፈት፤ ከሶኬት ከተነቀሉም በኋላ የሚገድል ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። ልጁ ጋራዥ እንዳይገባ!

«አባ፣ እነዚህ ምን ያደርጉልሃል? ስልኬ እንኳ ይበልጣቸዋል» ትይኛለሽ። ልክ ነሽ፣ ይበልጣቸዋል። ግን አያትሽ ትውልዱን ያስጻፈኝ በዚያ 386 ነው። ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ቢሮ ይመጣል፤ ጋቢውን አጣፍቶ ከጎኔ ይቀመጥና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥርልኛል። ማን ማንን ወለደ፣ የማን ርስት የት ነበር፣ ከማይጨው ያልተመለሰው አጎቱ ምን ዓይነት ፈረስ ይወድ እንደነበር። ፕሪንተሩ እየተንጫጫ ወረቀቱን ሲያወጣ ተቀብሎኝ፣ ማንበብ ባይችልም፣ በጣቱ መስመሩን ይከተላል። «የቱ ጋ ነው የአባቴ ስም?» ይለኛል፤ አሳየዋለሁ። ሲመሽ አብረን በእግር እንሄዳለን፤ መንገድ ላይም አላቆም ይላል። የአባቱን ወገን ጨርሰን የእናቱን ልንጀምር ስንል ለፍልሰታ አገር ቤት ወረደ፤ እዚያው አረፈ። አንድ ሳምንት ባቆየው ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ። የእናቱን ወገን አሁን የሚቆጥር ሰው የለም።

የተረፈው እነዚያ ፍሎፒዎች፣ የድሮዎቹ የጽሑፍ ማስቀመጫ ዲስኮች፣ ላይ ነው። በላፕቶፕሽ ብትከፍቺው የአያትሽ ስም ባለበት ቦታ ባለጭረትና ባለነጥብ የላቲን ፊደል ነው የምታዪው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፎንት 256 ቦታ ነበረው፤ የኛ ደግሞ 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው፣ ዲቃላውና ቁጥሩ ሳይጨመር። እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ዘዴ አጨናንቆ ያስገባው ነበር፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ለአንዱ፣ ፍሎፒው ለሌላው ከተሸጠ ሁለቱም ከንቱ ናቸው።

ሲያትል የነበረውን የፖል አለንን የኮምፒውተር ሙዚየም ታስታውሻለሽ? የድሮ ማሽን ላይ ተቀምጠሽ እንድትጽፊ የሚፈቀድበት? ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2018 አረፈ፣ ሙዚየሙ በ2020 በኮሮና ጊዜ ተዘጋ፣ በ2024 ስብስቡ በክሪስቲስ ጨረታ ወጣ። ያን ያህል ሀብት ያለው ሰው የሰበሰበው ከተበተነ የኛ ጋራዥ ምን ዋስትና አለው? ስመለስ ጠበቃ ዘንድ ሄደን ማን እንደሚረከባቸው በጽሑፍ እናደርገዋለን። ካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው ያለው የኮምፒውተር ሙዚየም የመረጠውን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የቀረውን የሚጠብቅ ደግሞ ከቤተሰብ መገኘት አለበት። አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ካልፈለግሽ ግን ዛሬውኑ ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም።

እስከዚያው ከሲሚንቶው ወለል አንሥተሽ መደርደሪያ ላይ አድርጊያቸው፤ የሲያትል እርጥበት አይምራቸውም። እያንዳንዱን ከነኪቦርዱና ከነመጽሐፉ አንድ ላይ አድርጊ። ደብተር ይዘሽ የማን እንደነበረ፣ ምን እንደጎደለው ጻፊ፤ የማታውቂውን በስልክ ጠይቂኝ። የትናንሾቹ ፍሎፒዎች ጥግ ላይ ያለችውን መዝጊያ ገፍተሽ ቀዳዳውን ክፈቺ፣ የትልልቆቹን የጎን ቁራጭ ደግሞ በፕላስተር ሸፍኚ፤ ያኔ ሊጻፍባቸው አይችልም። ሻጋታ ያየሽበትን ፍሎፒ ማንበቢያው (ድራይቩ) ውስጥ አትክተቺ፣ የሚያነበውን ጭንቅላት ያበላሻል።

ሰውዬውንም ቅዳሜ ሳይደርስ ደውለሽ አይምጣ በዪው። የመደርደሪያውን ወጪ እኔ እልካለሁ። እንደገና እለምንሻለሁ፣ ባትሪዎቹ ሳይወጡ፣ እኔም ሳልመጣ፣ አንዱንም እንዳታበሪ።

ልጁን ሳሚልኝ።

አባትሽ