የባዮሎጂ ክበብ፦ እርሾ፣ መቀስና 26 ፊደሎች

የክበባችን ዓመት የጀመረው በከሸፈ ሙከራ ነው። እርሾና ስኳር በውሃ በጥብጠን፣ የጠርሙሱ አፍ ላይ ፊኛ አስረን ጠበቅን። ፊኛው ወይ ፍንክች! ለካ ውሃው ከምድጃ እንደወረደ ነው የተጨመረው፤ እርሾው ሞቷል። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን "ቲቸር፣ ትንሽ ብቻ ቢሞቀውስ ምን ያደርጋል?" አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስናሳድድ ከረምን።

እርሾ ዝም ብሎ አይሞትም። በሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲኖች ታጥፈው ቅርጽ የሚይዙበት ክፍል አለ፤ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይባላል። ጫና ሲበዛ በትክክል ያልታጠፉ ፕሮቲኖች እዚያ ይከማቻሉ። በክፍሉ ሽፋን ላይ የተተከለው አይሪ-1 የተባለ ፕሮቲን ይህን ሲያውቅ፣ ሃክ-1 የተባለውን መልእክተኛ አርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሠራበትን የጂን ቅጂ) ሁለት ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። መሀል ያሉት 252 ፊደሎች፣ ማለትም አርኤንኤው የተሠራባቸው ኬሚካላዊ ክፍሎች፣ ይወጣሉ፤ የቀሩትን ጫፎች ሌላ ኢንዛይም ይገጥማቸዋል። መልእክቱ አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ እነዚያ ፊደሎች እስኪወጡ ግን ፕሮቲን አይሠራበትም። ልጆቹን ያስገረማቸው ቦታው ነበር። በትምህርታችን አርኤንኤ የሚቆረጠው ኒውክሊየስ ውስጥ ነው፤ ይሄኛው ውጭ ነው።

የሰው ሕዋስም እንዲሁ ያደርጋል። እዚያ ኤክስቢፒ-1 ከሚባለው አርኤንኤ የሚወጡት 26 ፊደሎች ብቻ ናቸው።

ቤተ ሙከራችን ይህን ማሳየት አይችልም። ወረቀትና መቀስ ግን አናጣም። ረጃጅም ወረቀት ላይ ፊደሎቹን ጽፈን፣ ሕዋስ እንደሚያነበው ሦስት ሦስት እያደረግን አነበብን፤ ከዚያ 26 ቆርጠን ገጠምን። ከቁርጡ በኋላ ያለው ንባብ በሙሉ ተለወጠ። አንዱ ቡድን ተሳስቶ 27 ቆረጠ። የእነሱ ንባብ እንደነበረ ቀጠለ! ሳቁ ሲበርድ አንዲት ልጅ "27 ለሦስት ይካፈላላ" አለች። 26 ግን አይካፈልም፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ አዲስ ጅራት ያወጣል። ጫናውን የሚያቃልሉ የእርዳታ ጂኖችን የሚያስነሳው በዚያ ጅራት ነው። እኔ በሰሌዳ ላይ ሳምንት ብለፋ እንዲህ አላስረዳም ነበር።

ይህን መንገድ በየፊናቸው ያጠኑት ፒተር ዋልተርና ካዙቶሺ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ታዋቂውን የሕክምና ምርምር ሽልማት፣ ላስከርን፣ ተጋርተዋል። በሚኒ ሚዲያ ስለ እነሱ ያቀረብነውን ግን ማይኩ በላው።

ፊኛውን በግንቦት ደገምነው፤ በለብ ያለ ውሃ ተነፋ። የ27ቱ ወረቀት ቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል። ቆራጮቹ "ይነሳልን" ብለው ለምነው ነበር፤ እምቢ አልኩ።