ግማሽ ቁመት ክር፦ የጤና ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ሰው ሲለካ ነው የከረመው። «በዚህ ኑሮ ውድነት ስለ ውፍረት ማውራት አሁን ምን ይሉታል?» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። ሻይ ሰዓት ላይ በደንብ ተቀልዶብናል። እኛ ግን የለካነው ውፍረትን ብቻ አይደለም። ለዕድሜያቸውና ለቁመታቸው በጣም የቀለሉ ልጆችም አግኝተን ለክፍል ኃላፊዎቻቸው በግል ነግረናል። ሁለቱም ዓይነት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ስብሰባችን እንደወትሮው ሐሙስ ሐሙስ ላብራቶሪ ነበር። በምርጫውና በቃለ ጉባኤው አላደክማችሁም። በሚኒ ሚዲያም ቀርበናል፣ ማይኩ በሠራባቸው ቀናት።

የጀመርነው ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያነጻጽረው በቢኤምአይ ነው። ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው፣ በቃ። ሒሳቡ የመጣው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤልጂጋዊ ከአዶልፍ ኬትሌ ነው። ሰውየው የስታቲስቲክስ ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበረም። ለአዋቂ 25 ሲደርስ ክብደት በዛ ይባላል፤ 30 ሲደርስ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ለተማሪዎቻችን ግን የዓለም ጤና ድርጅትን የዕድሜና የጾታ ሰንጠረዥ ነው የተጠቀምነው። የስፖርት መምህራችን 27 ወጡ! ቢኤምአይ ጡንቻና ስብ አይለይማ። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ሳቁባቸው፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ጥፋቴንም ልናገር። ጥቅምት ላይ የተማሪዎችን ኪሎ የማስመዘግበው ጮክ ብዬ እየጠራሁ ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቁጥሯ ሲጠራ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት ቀረች። ፈልጌ አግኝቻት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ ከእንግዲህ ማንም ቁጥር አይጠራም» ብላ ተመለሰች። አልተጠራም።

ኅዳር ላይ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትራችን ተለጥጦ ተገኘ። ከሒሳብ ክፍል የእንጨት ሜትር ጋር ስናስተያየው 2 ሴንቲ ሜትር ይዋሻል። የሁሉንም ወገብ አሳንሶ ነው የነገረን። እንደገና ለካን። የሚዛኑንም ባትሪ ከኪሴ ነው የገዛሁት፤ ደረሰኙ እስካሁን መልስ አላገኘም።

ወደ ክር የሄድነው ሜትሩ ስለዋሸን ነው። በሰውየው ቁመት ልክ ክር ትቆርጣለህ፣ ለሁለት ታጥፋለህ፣ በወገቡ ታዞራለህ። ካልገጠመ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ አልፏል። ሆድ ላይ የሚከማች ስብ ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከልብ በሽታ ጋር ስለሚያያዝ ነው ወገብ የሚለካው። የሚለካውም ከመጨረሻው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሐል፣ ትንፋሽ ወጣ ሲል ነው። የቀበቶ ቦታ አይሆንም። ቦርጫም ሰው ቀበቶውን ከቦርጩ ሥር ነው የሚያስረው።

የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ የተሰጠ ቀን ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋን። ወላጆች ተሰለፉ። ክር የምትቆርጠው ያቺው የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። አባቷም መጡ። ሹፌር ናቸው፤ ፊታቸው የከሳ፣ ክንዳቸው የቀጠነ። «እኔ ደግሞ ምኔ ይለካል?» አሉ። ሚዛን ላይ 72 ኪሎ፣ ቁመታቸው 1.70። ቢኤምአይ ከ25 በታች፤ ደህና ናቸው። ሰውየው ኩራት ኩራት አላቸው። ከዚያ ልጅቷ ክሩን አዞረች። አልገጠመም። ብዙ ይቀረዋል። ሜትሩ 96 አለ፤ ለወንድ ስጋት የሚጀምረው ከ94 በላይ ነው።

ከኋላቸው ሰልፈኛ አለ፣ ሁሉም አንገቱን አስግጓል። እሷ ክሩን ጠቅልላ መዳፏ ውስጥ ደበቀችው። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «አባዬ፣ ቤት እነግርሃለሁ» አለችና ቀጣዩን ጠራች። እኔ መዝገቡን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጥቅምት ላይ ማድረግ የነበረብኝን ነው ያደረገችው።

በሳምንቱ አባትየው በር ላይ አገኙኝ። ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊትና ስኳር እንደተለኩ ነገሩኝ። ውጤቱን አልጠየቅኋቸውም። ለሚስታቸው ክር ፈልገው ነበር፤ ሰጠኋቸው።

ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት በጀት ሲደለድል ይህን እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። ለኳስና ለማሊያ ሲወጣ ቅር ብሎኝ አያውቅም። የኛ ጥያቄ ትንሽ ነው፦ አንድ ደህና ሚዛን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቁመት መለኪያ፣ የማይለጠጥ ሜትርና መጋረጃ። ከአራቱ አንድ ብቻ ይገዛል ከተባልን መጋረጃው ይቅደም። ክሩን እኛ እንችላለን።