ከኪሊማንጃሮ በፊት

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት

ለውድ ልጄ ለሕይወት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ናፍቆቷን ልካልሻለች። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞችሽ ጋር በጥር ኪሊማንጃሮ ልትወጡ ማሰባችሁን ስትነግሪኝ ደስ ነው ያለኝ። ስልክ ላይ ብዙ ያላወራሁት ተቃውሜ እንዳይመስልሽ። ነገሩ ሰፊ ስለሆነ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ስንት ዘመን እንግዳ ይዤ ስሜን ስመላለስ ያየሁትን ለልጄ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው?

የላክሽልኝን የጉዞ ማስታወቂያ ደጋግሜ አየሁት። በማራንጉ መንገድ፣ አምስት ቀን፣ ለጀማሪ የሚሆን ይላል። ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀንሳል። አንቺም ገመድ አያስፈልገውም፣ በእግር ብቻ ነው የሚወጣው ብለሽኛል። እውነትሽን ነው። ግን ከፍ ያለ ተራራ ሲመረጥ ከጫፉ ቁመት በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። ማታ ማታ የት ነው የምናድረው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰው ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ቢያድር ሰውነቱ ቀስ እያለ ይለምዳል። የሚጎዳው ማደሪያው ባንዴ ሲዘል ነው። የሐኪሞቹ ምክር ግልጽ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆንሽ ማደሪያሽን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሪ፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው እረፊ ይላሉ። ማራንጉን በዚህ ለኪው እስቲ። የመጀመሪያው ሌሊት ማንዳራ ነው፣ 2,720 ሜትር። ሁለተኛው ሆሮምቦ፣ 3,720። ሦስተኛው ኪቦ፣ 4,720። በየሌሊቱ አንድ ሺህ ሜትር! ከዚያም እኩለ ሌሊት ላይ ተነስታችሁ እስከ 5,895 ሜትር ልትወጡ ነው። እዚያ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚሰጥሽ ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከምታገኚው ግማሽ ቢሆን ነው።

መንገዱ ደልዳላ ስለሆነና አልጋ ያለው ቤት ስላለው ቀላሉ መንገድ ይሉታል። ለእግር ቀላል ነው። ለሳንባና ለጭንቅላት ግን አይደለም። አምስት ቀን የሚሉሽ ሁሉ ከሰውነትሽ ላይ ቀን እየቀነሱ ነው ዋጋውን የሚያረክሱት።

አሁን የእኛን ስሜን እይው። መነሻው ከተማ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ማደሪያዎቹ ይከተላሉ፤ ሳንቃበር 3,250። ግጭ 3,600። ጨነቅ ከግጭ እምብዛም አይበልጥም። ለሰውነት ተብሎ የተሠራ ደረጃ ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው ከኪሊማንጃሮ በፊት ስሜንን ውጡ የምልሽ። የአገር ፍቅሩ በልቤ ቢኖርም፣ እዚህ ላይ የምመራው በቁጥሩ ነው።

ስለ ቡድናችሁ ደግሞ ልንገርሽ። አንዷ አስም እንዳለባት፣ አንዱ ከቢሮ ወንበር ተነስቶ እንደማያውቅ፣ አንዱ ደግሞ በየማለዳው እንጦጦ እንደሚሮጥ ጽፈሽልኛል። አንቺ የጨነቀሽ ስለ ሁለቱ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሯጩ ነው። አስም ያለባት ልጅ ሐኪሟን ጠይቃ፣ መድኃኒቷን ከደረት ኪሷ ሳትለይ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ጉልበት ያለው ሰው ግን ይፈጥናል። የከፍታ ሕመም ጉልበተኛን አይመርጥም። ስፖርተኛ ነኝ ብሎ የሚያመልጠው የለም። የሚሮጥ ሰው ሲያመው ደግሞ መናገር ያፍራል።

አንድ እንግዳ ነበረኝ፣ ቁመቱ ድንኳኑን የሚያክል ጎረምሳ። ቀኑን ሙሉ ከሁላችንም ፊት ፊት እየሄደ ግጭ የደረሰው ቀድሞን ነው። ማታ እራት አልበላም አለ። ራሴን ትንሽ አሞኛል፣ ድካም ነው አለ። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ ብሎ ቆየ። ክሩን ይይዘዋል፣ ያዞረዋል፣ ይጥለዋል። እንደገና ይይዘዋል። አብሮን የነበረው ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ የዚያው አገር ሰው፣ ምንም ሳይል ሲያየው ቆየና መሬት ላይ በዱላው መስመር አሰመረ። "በዚህ ላይ ሂድ በለው" አለኝ። ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገጣጠመ እንዲሄድ ነገርኩት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ወደ ጎን ተንገዳገደ። ስካውቱ ሁለተኛ አልጠየቀም። በቅሎ ተጫነ፣ ባትሪ ተበራ፣ በዚያ ብርድ ይዘነው ወደ መኪናው መንገድ ወረድን። ደባርቅ አድሮ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሻይ ሲጠጣ አየሁት።

ይቺን የመስመር ነገር ያዢልኝ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት ከ2,500 ሜትር በላይ ብዙ ሰው ላይ ይታያል። ያኔ ባሉበት ማረፍ ነው፤ እስኪሻል ከፍ አይባልም። መንገዳገድ ከመጣ፣ ንግግር ከተምታታ፣ ወይም ሰውየው ተቀምጦ እያረፈ ትንፋሹ እንደቆረጠው ከቀረና ካሳለው ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። ወዲያውኑ መውረድ ነው። ዲያሞክስ የሚባለው ኪኒን ለመከላከል ይረዳል፣ ሐኪም አማክራችሁ ውሰዱ። ግን ኪኒኑ ቀን አይተካም። ማታ ደግሞ መጠጥም የእንቅልፍ ኪኒንም ይቅርባችሁ።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። በእግሩ ሄዶ የማያውቀው ልጅ በጥር ጫፍ መውጣት የለበትም። ደባርቅ አድሮ፣ ከሳንቃበር ተነስቶ በገደሉ አፋፍ እስከ ጅንባር ፏፏቴ ይሂድ። ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ እያየ ይዋል። እስከ ጨነቅ መኪና ስለሚገባ ሲደክመው በመኪና ይቀድማችኋል። ማንም ማንንም አይጎትትም። የለመዳችሁት ግጭ አድራችሁ እሜት ጎጎ ትወጣላችሁ፣ 3,926 ሜትር። ከጨነቅ ደግሞ በማለዳ ቧሂት፣ 4,430 ሜትር ወጥታችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ። ዋልያም የሚገኘው በዚያው አካባቢ ነው።

ራስ ደጀን ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ 4,620 ሜትር ብለን ነው የተማርነው፤ በኋላ ሲለካ 4,550 ሆኗል። ከቧሂት የሚበልጠው በ120 ሜትር ብቻ ነው። ልፋቱን ግን በዚህ አትገምቺው። ከጨነቅ ተነስታችሁ የቧሂትን ትከሻ ታልፋላችሁ። ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ጉልበት የሚሰብር ቁልቁለት ነው። እንደገና ሽቅብ ወደ ማደሪያው አምቢቆ፣ 3,200 ሜትር። በማግስቱ ሳይነጋ ተነስታችሁ 1,350 ሜትር ወጥታችሁ ትወርዳላችሁ፤ መጨረሻው ላይ ድንጋዩን በእጅ መያዝ አለ። ሲመለሱ ያ ሁሉ ቁልቁለት አቀበት ሆኖ ይጠብቃል። ይህን ጨርሶ በሚቀጥለው ቀን እግሩ የሚታዘዝለት ሰው ለኪሊማንጃሮ እግሩ ዝግጁ ነው።

ቁመት ብቻውን እንዳያታልልሽ ባሌን አስቢ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ ከእሜት ጎጎ በብዙ ይበልጣል። ጫፉ ድረስ ግን መኪና ይወጣል! ኬንያ ተራራ ላይ ደግሞ ሌናና የሚባለው ጫፍ 4,985 ሜትር ነው፣ በእግር ይደረስበታል። ጎረቤቱ ባቲያን 5,199 ነው። ልዩነቱ 214 ሜትር ብቻ ቢሆንም ባቲያን ገመድና የዓለት መውጣት ሥልጠና ይጠይቃል። የኡጋንዳው ማርጋሪታም፣ 5,109 ሜትር፣ ከኪሊማንጃሮ ያንሳል፤ መንገዱ ግን በበረዶ ግግር ላይ ስለሚያልፍ ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስና የበረዶ መጥረቢያ ይፈልጋል። እነዚህን ማንም ቢያባብላችሁ ሳትሠለጥኑ እሺ እንዳትሉ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። በጥር ሁላችሁም ስሜን ኑ። ኪሊማንጃሮን ለሐምሌ ወይም ለነሐሴ አድርጉት፤ እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እዚያ ደረቅ ነው። ያኔም ማራንጉን ተዉትና ሌሞሾ በሚባለው መንገድ ስምንት ቀን ያዙ። በዚያ መንገድ ምሳ ላቫ ታወር፣ 4,600 ሜትር ገደማ ላይ ትበሉና ወርዳችሁ ከ4,000 ሜትር በታች ባራንኮ ታድራላችሁ። ገንዘቡ ይጨምራል፣ አውቃለሁ። ርካሹን ከፍሎ ከኪቦ በቃሬዛ ከመውረድ ግን ይሻላል።

ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ሰላም ከማውቃቸው ሹፌሮች እየጠየቅኩ ነው። ወሬው ካላማረኝ እምቢ እልሻለሁ፣ እንዳትቆጪኝ። ያኔ ባሌን እንይ፤ ዲንሾ አድራችሁ ሳነቴ አምባ ላይ በእግርና በፈረስ መሄድ ይቻላል፣ ቀይ ቀበሮም ታያላችሁ። ከዚህ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጉና አለልን። ያ ርብና ጉማራን ወደ ጣና የሚልከው ተራራ 4,100 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ከባሕር ዳር ጠዋት ተነስቶ እዚያው ቀን ልውጣው ይላል። ከ1,800 ሜትር ተነስቶ በአንድ ቀን ያን ያህል መውጣት ራስ ምታት መግዛት ነው። ደብረ ታቦር ማደር ነው ደጉ።

እስከዚያው ልምምድ ጀምሩ። አዲስ አበባ መኖራችሁ ትንሽ ይረዳችኋል፣ ከዚህ ከእኛ ከፍ ያለ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ቦርሳ ተሸክማችሁ እንጦጦን ውጡ። ሯጩም ይሸከም፣ ከኋላም ይሁን። ልኩ እየሄዳችሁ ሳይቆራረጥ ማውራት መቻል ነው። ወሬው ከተቆረጠ ፈጥናችኋል ማለት ነው። የገና ጾም ስለሚገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበሉ ዳገት እንዳትወጡ፤ ጠዋት አርፋችሁ ከሰዓት በልታችሁ ሂዱ። አዲስ ጫማ ገዝቶ ተራራ ላይ መጀመር አይሆንም፤ ከአሁኑ አድርጉት። ስሜን በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጄሪካን ውስጥ ያለው ውኃ ይጋገራል። ጥሩ ስሊፒንግ ባግ የሌለው ይከራይ። ጋቢውን ከዚህ እልካለሁ።

አሁን የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። የሚመጡትን ሰዎች ስም፣ ማን ምን ሕመም እንዳለበት፣ ስንት ቀን ፈቃድ እንዳላችሁ። ከአምስት ሌሊት በታች ከሆነ ራስ ደጀንን ከአሁኑ ሰርዢው። ለስካውትና ለበቅሎ ቀድሜ መናገር ስላለብኝ እስከ ኅዳር አጋማሽ መልስ ላኪልኝ። እናትሽ በሶውን ልትቆላ ገብስ አስመጥታለች፤ ስንት ኪሎ እንደሚበቃችሁም ጨምረሽ ጻፊ።

አባትሽ