ውሻ ይዘው ወደ ሐይቁ ዳር ለሚመጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ቅዳሜና እሑድ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳሉት መዝናኛዎች፣ ወደ ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል፣ ውሻ ይዞ መምጣት ደግ ነገር ነው። ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚውል ውሻ ወጥቶ መንቀሳቀሱ ለጤናውም ለጠባዩም ይበጀዋል። ስለዚህ «ውሻ አይግባ» የሚለው ሐሳብ አይዋጥልኝም። ሐይቁ ዳር ግን እንደ ሰፈር መንገድ አይደለም፤ ጥንቃቄው ከበድ ይላል።

ዋናው ገመዱ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይበቃል፤ ሰፋ ያለ የጨርቅ ጠፍር ቢሆን ይመረጣል። ቀጭን ናይለን ውሻው በድንገት ሲወረወር መዳፍ ይልጣል፤ ሰንሰለት ደግሞ ለእጅ አይመችም፣ ውሻው ካኘከውም ጥርሱን ይሰብረዋል። አንገት ማሰሪያው ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ከዚያ ከላላ፣ ጦጣ ከዛፍ ስትወርድ ወይም አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ ውሻው ወደ ኋላ አፈግፍጎ ያወልቀዋል። ጦጣ ከተያዘች ትነክሳለች፤ የጥርሷ ቁስል ከላይ ትንሽ መስሎ ውስጡ ይመግላል።

የዓሣ ገበያው አካባቢ ባትደርሱ ይሻላል። የተጠበሰ የቆሮሶ አጥንት ተሰባብሮ ጉሮሮና አንጀት ላይ ይሰካል። ከዚህ የሚብሰው በተጣለ የዓሣ ጭንቅላት ውስጥ የቀረ መንጠቆ ነው። ከውሻው አፍ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱት፤ መንጠቆው የባሰ ይሰካል። ከአፉ ሥርም አትቁረጡት፣ ሐኪሙ መንጠቆውን የሚያገኘው ክሩን ተከትሎ ነውና። የክሩን ጫፍ ሳታከሩ አንገት ማሰሪያው ላይ ቋጥራችሁ፣ ምንም ሳታበሉት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

የሚጠጣውን ውኃ ከቤት ያዙለት። ነፋስ ወደ ዳር የገፋው፣ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ውኃ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ውሻው እዚያ ውኃ ውስጥ ከገባ፣ ፀጉሩን ከመላሱ በፊት በንጹሕ ውኃ እጠቡት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። ጉማሬ ሣር ለመጋጥ የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ ከውኃው የሚለየውን ሁሉ ያጠቃል። የሚጮህበት ውሻ ደግሞ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጌታው ነው፤ ጉማሬውን አስከትሎ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ክትባት! ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፣ በየዓመቱም ይደገማል። ያልተከተበ ውሻ ሕፃናት ወደሚጫወቱበት ቦታ ማምጣት በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ተቋም መድረስ ያስፈልጋል። ቅጠልም ሆነ በርበሬ አይደረግበት። «ምልክት ካሳየ እንሄዳለን» ማለት አይሠራም፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ነው።

የውሻውን ዓይነ ምድር በወረቀት አንሱ፤ የትል እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ልጆችም እዚያው ይቀመጣሉ።

የከተማችን አስተዳደር ሁለት ነገር ቢያደርግልን፦ በመግቢያዎቹ ላይ ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ ያስቀምጥ፤ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሴፕቴምበር 28፣ በመስቀል ሰሞን ስለሚውል፣ በዚያ ሳምንት ሐይቁ ዳር የክትባት ጣቢያ ይክፈት። የክትባት ካርድ የሌለውን ውሻ በሩ ላይ መመለስ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ